ዓመቱን ሙሉ የከፈሉትን ሴልስ ታክስ በፌዴራል ታክስዎ ላይ እንዴት ያስቀንሳሉ?

የታክስ ሰሞን በመጣ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደጋገማል፤ በተለይ ከሲያትል፣ ከዳላስ፣ ከሂውስተንና ከላስ ቬጋስ። «የምንኖርበት ስቴት ከደሞዛችን የገቢ ግብር አይቆርጥም፤ ዕቃ በገዛን ቁጥር ግን ሴልስ ታክስ እንከፍላለን። ይኼ ገንዘብ በፌዴራሉ ታክስ ላይ አይያዝልንም ወይ?» ይያዛል። ግን ለሁሉም ሰው አይጠቅምም። እርስዎን ይጥቀምዎ አይጥቀምዎ በአጭር ሒሳብ መለየት ስለሚቻል፣ ደረሰኝ መልቀም ከመጀመርዎ በፊት ደረጃ 1ን ሠርተው ይጨርሱ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይነሣና ሁለት ቅዳሜ ደረሰኝ ሲደምር ከርሞ መጨረሻ ላይ ምንም እንዳልጠቀመው ያያል።

ከታች ያሉት ቁጥሮች በ2026 ፋይል ለሚደረገው የ2025 ገቢ ናቸው። ለሌላ ዓመት ከሆነ አሠራሩ ያው ነው፤ ጣሪያዎቹና መጠኖቹ ግን ይለወጣሉ።

አስቀድመው የሚያውቋቸው ሦስት ነገሮች

አንደኛ፣ ይህ ተቀናሽ እንጂ ክሬዲት (ከግብሩ ከራሱ ላይ የሚነሣ ቅናሽ) አይደለም። የሚቀነሰው ግብር ከሚታሰብበት ገቢዎ ላይ ነው። 1,000 ዶላር ቢያስቀንሱና በ12 ፐርሰንት እርከን ላይ ቢሆኑ የሚተርፍልዎ 120 ዶላር ነው፤ በ22 ፐርሰንት ላይ ከሆኑ 220። «ለመኪናዬ 3,000 ታክስ ከፍያለሁ፤ 3,000 ይመለስልኛል» ብለው ከጠበቁ አስቀድመው ይተዉት።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ከሁለት አንዱን ይምረጡ ይላል፦ ወይ የስቴትና የከተማ የገቢ ግብር፣ ወይ ሴልስ ታክስ። ሁለቱን ደርቦ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድ፣ በዲሲ፣ በሚኒሶታ ወይም በካሊፎርኒያ ለሚኖር ደሞዝተኛ አብዛኛውን ጊዜ የገቢ ግብሩ ይበልጣል። ሴልስ ታክስ የሚያዋጣው በዋሽንግተን ስቴት፣ በቴክሳስ፣ በኔቫዳ፣ በፍሎሪዳ፣ በቴኔሲ፣ በሳውዝ ዳኮታና በዋዮሚንግ ነው። ኦሪገንና ኒው ሃምፕሸር አጠቃላይ ሴልስ ታክስ ስለሌላቸው እዚያ የኖሩበት ጊዜ የሚያስገባልዎ ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ በፎርም 1040-ኤንአር (ለግብር የአሜሪካ ነዋሪ ያልሆኑ በሚሞሉት) ፋይል የሚያደርጉ ሰዎች ይህ ተቀናሽ የላቸውም። በኤፍ-1 ቪዛ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ያለ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከነዚህ ይመደባል። የነሱ ስኬጁል ኤ (ተቀናሾች አንድ በአንድ የሚዘረዘሩበት ፎርም) ከስቴትና ከከተማ ታክሶች ውስጥ የገቢ ግብርን ብቻ ይቀበላል።

የሚያዘጋጇቸው ወረቀቶች

- ደብሊው 2፣ አሠሪዎ የሚሰጥዎ የደሞዝ ማስረጃ (ሣጥን 17 የስቴት፣ ሣጥን 19 የከተማ የገቢ ግብር ያሳያል)
- እስከ አድጀስትድ ግሮስ ኢንካም (ከጠቅላላ ገቢዎ የተፈቀዱ ማስተካከያዎች ተቀንሰው የሚቀረው) ድረስ የተሞላ ፎርም 1040፣ ማለትም የዓመቱ የፌዴራል ታክስ ፎርም
- ግብር የማይታሰብበት ገቢ ማስረጃ፦ የሶሻል ሴኩሪቲ 1099፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ የቬተራን ክፍያ፣ የመንግሥት እርዳታ
- የኖሩበት ዚፕ ኮድ፤ በዓመቱ ውስጥ ቤት ቀይረው ከሆነ የሁለቱም ዚፕ ኮድ እና የገቡበት ቀን
- መኪና ከገዙ ከዲለሩ የተሰጠዎ የግዢ ውል፤ ከግለሰብ ከገዙ ስም ሲያዛውሩ የከፈሉበት ደረሰኝ
- ቤት ካለዎት ከባንኩ የመጣው ፎርም 1098 (የሞርጌጅ ወለድ ማስረጃ) እና የፕሮፐርቲ ታክስ ደረሰኝ
- የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የሌላ በጎ አድራጎት የስጦታ ደብዳቤ

የሱቅ ደረሰኝ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለምን እንደሌለ በደረጃ 3 ያገኙታል።

ደረጃ 1፦ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን ማለፍዎን ያረጋግጡ

ሴልስ ታክስ የሚያዘው በስኬጁል ኤ ላይ ነው። ስኬጁል ኤን የሚጠቀም ደግሞ ስታንዳርድ ዲዳክሽኑን፣ ማለትም ሕጉ ያለ ዝርዝር የሚፈቅደውን ቁርጥ ተቀናሽ፣ ይተዋል። ስለዚህ ድምሩ ከስታንዳርዱ ካልበለጠ ሴልስ ታክስዎ የቱንም ያህል ቢሆን ግብርዎን በአንድ ዶላር እንኳ አይቀንስም። ለ2025 ስታንዳርዱ እንዲህ ነው፦

- ነጠላ፣ ወይም ባልና ሚስት ለየብቻ ሲሞሉ፦ 15,750 ዶላር
- ባልና ሚስት አንድ ላይ ሲሞሉ፦ 31,500 ዶላር
- ሄድ ኦፍ ሀውስሆልድ (ሳያገባ ጥገኛ ይዞ ቤት የሚያስተዳድር)፦ 23,625 ዶላር

65 ዓመት የሞላው ሰው ጭማሪ አለው፤ ላላገባ 2,000፣ ለተጋባ በነፍስ ወከፍ 1,600። አባትና እናትዎን ፋይል የሚያደርጉላቸው እርስዎ ከሆኑ ይህን አይርሱት።

አሁን አራት ቁጥር በግምት ይደምሩ፦ የሞርጌጅ ወለድ፣ የፕሮፐርቲ ታክስ፣ ስጦታና ሴልስ ታክስ። ከአድጀስትድ ግሮስ ኢንካምዎ 7.5 ፐርሰንት በላይ ለሕክምና ከኪስዎ ካወጡ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ይጨምሩበት። ድምሩ ከስታንዳርዱ በጣም ካነሰ እዚህ ላይ ያቁሙ፤ የሚቀጥለው ሁሉ ድካም ነው።

በአፓርትመንት በኪራይ የሚኖር፣ በዓመቱ መኪና ያልገዛ ቤተሰብ ስታንዳርዱን ማለፉ እጅግ ይከብደዋል። ቤት ኖሮት ወለድ የሚከፍልና በዚያው ዓመት መኪና የገዛ ቤተሰብ ግን ሳይፈትሽ ፋይል ማድረግ የለበትም። ይህ ተቀናሽ በተግባር የሚሠራው ለነዚህ ሰዎች ነው።

ደረጃ 2፦ የገቢ ግብሩንና ሴልስ ታክሱን ያወዳድሩ

የደብሊው 2 ሣጥን 17ንና 19ን ይደምሩ፤ በዓመቱ ውስጥ ለስቴቱ በቀጥታ የከፈሉት ካለ ይጨምሩ። ይህ ድምር ዜሮ ከሆነ ውድድር የለም፤ ሴልስ ታክሱን ይያዙ። ዜሮ ካልሆነ ከደረጃ 6 እና 7 ከሚያገኙት ቁጥር ጋር አስተያይተው ትልቁን ይምረጡ።

በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ ላሉ አንድ ነጥብ፦ ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ሴልስ ታክሱን መምረጥ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። የገቢ ግብር አስቀንሰው በሚቀጥለው ዓመት ስቴቱ ተመላሽ ቢልክልዎ፣ ከተመላሹ የተወሰነው በፌዴራል ገቢ ሆኖ ሊታሰብብዎ ይችላል። ሴልስ ታክስ ካስቀነሱ ግን ያ የስቴት ተመላሽ ገቢ አይሆንብዎትም።

ደረጃ 3፦ ከሁለቱ መንገድ አንዱን ይምረጡ

አይ አር ኤስ (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) ሁለት መንገድ ይፈቅዳል። አንዱ በዓመቱ የከፈሉትን ታክስ ከደረሰኝ እየደመሩ ትክክለኛውን ማስገባት ነው። ሌላው በገቢዎ፣ በቤተሰብዎ ብዛትና በሚኖሩበት ቦታ ተመሥርቶ የተዘጋጀውን ሠንጠረዥ መጠቀም ነው።

ምክራችን ሠንጠረዡ ነው። ለዕለት ተዕለት ግዢ ደረሰኝ አይጠይቅም፤ በዚያ ላይ ለመኪናና ለመሳሰሉት የከፈሉትን ታክስ ከሠንጠረዡ ቁጥር በላይ መጨመር ይቻላል። በደረሰኝ ከሄዱ ግን እያንዳንዱን ዶላር በወረቀት ማሳየት አለብዎ፤ የባንክ ስቴትመንት ታክሱን ለይቶ ስለማያሳይ ብቻውን አይበቃም።

የደረሰኙ መንገድ የሚያዋጣው ወጪዎ ከገቢዎ ጋር ሲተያይ ያልተለመደ በሆነበት ዓመት ነው፦ አዲስ ቤት ገብተው ሶፋና ፍሪጅ ሁሉ የገዙበት፣ ወይም ታክስ በሚከፈልበት ምግብና መስተንግዶ ሠርግ የደገሱበት ዓመት። እንደ ኮስትኮና አማዞን ያሉ ሱቆች የግዢ ታሪክዎን በአካውንትዎ ውስጥ ስለሚያስቀምጡ ከዚያ ይጀምሩ። ሁለቱን መንገድ መቀላቀል ግን አይፈቀድም፤ ሠንጠረዡን ወስዶ የሶፋውን ታክስ በላዩ መጨመር ስሕተት ነው።

ባልና ሚስት ለየብቻ ፋይል የሚያደርጉ ከሆነ ሁለት ገደብ አለ። አንዱ ስኬጁል ኤን ከተጠቀመ ሌላውም መጠቀም አለበት። ሁለቱም ሴልስ ታክስ መርጠው አንዱ በሠንጠረዡ ከሄደ ሌላውም በሠንጠረዡ ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ ለሠንጠረዡ የሚሆነውን ገቢ ያውጡ

ከአድጀስትድ ግሮስ ኢንካምዎ ይነሡና ግብር ያልታሰበበትን ገቢ ይጨምሩበት፦ ግብር የማይከፈልበት የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍል፣ የቬተራን ክፍያ፣ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ፣ ከግብር ነፃ የሆነ ወለድ፣ የመንግሥት እርዳታ። ከአንድ የጡረታ ሒሳብ ወደ ሌላ ያዛወሩት ገንዘብ አይቆጠርም። ገቢው ከፍ ሲል ሠንጠረዡ የሚሰጥዎ መጠንም ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ይህን መርሳት የሚጎዳው እርስዎን ነው።

ደረጃ 5፦ የቤተሰብዎን ብዛት ይቁጠሩ

እርስዎ፣ አብረው ፋይል የሚያደርጉ ከሆነ የትዳር ጓደኛዎ፣ እና በፎርም 1040 ላይ የጻፏቸው ጥገኞች ናቸው የሚቆጠሩት። ኢትዮጵያ ያሉ እናትና አባት፣ እህትና ወንድም ወር በወር ገንዘብ ቢላክላቸውም አይቆጠሩም። ጥገኛ ለመሆን ሰውየው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ለግብር የአሜሪካ ነዋሪ፣ ካልሆነም የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ነዋሪ መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከአያቱ ጋር የሚኖር የአሜሪካ ዜግነት ያለው ልጅ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱን ከሌሎቹ የጥገኝነት መስፈርቶች ጋር ለይተው ይዩት።

ደረጃ 6፦ የሠንጠረዡን መጠን ያግኙ

ቀላሉ መንገድ አይ አር ኤስ በድረ ገጹ ላይ በነፃ ያስቀመጠው የሴልስ ታክስ ማስያ ነው። ገቢ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ዚፕ ኮድና ቀን ያስገባሉ፤ የስቴቱንና የከተማውን ደምሮ ይሰጥዎታል። ውጤቱን ፕሪንት ያድርጉት ወይም ፎቶ ያንሡት፤ ለማስረጃ ያስፈልጋል።

በእጅ ለመሥራት ወይም ማስያው የሰጠዎትን ለመፈተሽ ከፈለጉ ሒሳቡ ይኸውና። በስኬጁል ኤ መመሪያ ውስጥ ካለው ሠንጠረዥ የስቴትዎን መጠን ይወስዳሉ። በዋሽንግተንና በቴክሳስ የከተማውን ድርሻ የሚያገኙት በማካፈል ነው፦

የከተማና የካውንቲ መጠን ÷ የስቴት መጠን × ከሠንጠረዡ የወጣው የስቴት ታክስ

ለምሳሌ ሲያትል በ2025 ጠቅላላው 10.35 ፐርሰንት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ የስቴቱ 6.5 ነው። ቀሪው 3.85 የአካባቢው ድርሻ ነው። 3.85ን ለ6.5 ሲያካፍሉ 0.592 ያገኛሉ። ሠንጠረዡ 1,200 ሰጠዎ እንበል፤ 1,200 × 0.592 = 710። ድምሩ 1,910 ዶላር ሆነ። በቴክሳስ የስቴቱ 6.25 ሲሆን አብዛኛው ትልቅ ከተማ 2 ይጨምርበታል፤ 2 ÷ 6.25 = 0.320። በላስ ቬጋስ ደግሞ ሠንጠረዡ የሚነሣው ከ6.85 ስለሆነ፣ ከክላርክ ካውንቲ 8.375 ላይ 6.85 ቀንሰው 1.525ን ለ6.85 ያካፍሉ።

ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፦ ሰው ጠቅላላውን 10.35 እንዳለ ለ6.5 ያካፍልና የስቴቱን ድርሻ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል። የሚካፈለው ከስቴቱ በላይ ያለው ብቻ ነው። ቴኔሲ፣ ጆርጂያ፣ ኮሎራዶ፣ ቨርጂኒያና ሌሎች አንዳንድ ስቴቶች ለአካባቢው ታክስ የራሳቸው ሠንጠረዥ ስላላቸው ይህ ማካፈል ለነሱ አይሠራም፤ ማስያውን ይጠቀሙ።

በዓመቱ መካከል ስቴት ወይም ከተማ ከቀየሩ በቀን ያከፋፍላሉ። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 ቴክሳስ፣ ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ኖረው ከሆነ፣ የቴክሳሱን የሙሉ ዓመት መጠን በ181/365፣ የዋሽንግተኑን በ184/365 አባዝተው ይደምራሉ። ገቢዎን ግን አይከፋፍሉም፤ ለሁለቱም የሚገባው የዓመቱ ሙሉ ገቢ ነው።

ደረጃ 7፦ የመኪናውንና የትልልቅ ግዢዎችን ታክስ ይጨምሩ

ገንዘቡ ያለው እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ በብዛት የሚዘለለውም ይኸው ነው። ታክስ የሚሠራልዎ ሰው መኪና ገዝተው እንደሆነ ላይጠይቅዎ ይችላል። ሳይጠየቁ ይንገሩት፤ ውሉንም ይዘው ይሂዱ።

ከሠንጠረዡ በላይ መጨመር የሚቻለው ለሚከተሉት የተከፈለ ሴልስ ታክስ ነው፦ መኪና (ሊዝ ቢሆንም)፣ ቫን፣ ፒክአፕ፣ ሞተር ሳይክል፣ ሞተር ሆም፣ ጀልባ፣ አውሮፕላን፣ እንዲሁም ቤት ለመሥራት ወይም በስፋት ለማደስ። ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ሶፋ ከዚህ ውስጥ የሉም፤ እነሱ ቀድሞውኑ በሠንጠረዡ ታስበዋል።

ለመኪና እንዲህ ያድርጉ፦

ሀ. በግዢ ውሉ ላይ «ሴልስ ታክስ» የሚለውን መስመር ብቻ ይፈልጉ። የታይትል፣ የታርጋ፣ የዶክመንት ክፍያ፣ የኢንስፔክሽንና የዋስትና ዋጋ አይያዙም። በቴክሳስ ውል ላይ «ኢንቬንተሪ ታክስ» የሚል መስመር ሊያዩ ይችላሉ፤ ስሙ ታክስ ቢሆንም ሴልስ ታክስ ስላልሆነ ይተዉት።

ለ. መኪናው ላይ የተጣለው መጠን ከአጠቃላዩ ሴልስ ታክስ ከበለጠ የሚይዙት እስከ አጠቃላዩ ድረስ ነው። ዋሽንግተን በ2025 በተሽከርካሪ ላይ ተጨማሪ 0.3 ፐርሰንት ትወስድ ነበር። ሲያትል ውስጥ በ30,000 ዶላር መኪና ላይ የሚከፈለው 10.65 ፐርሰንት፣ ማለትም 3,195 ሲሆን የሚያዘው 10.35 ፐርሰንቱ፣ 3,105 ነው። ቴክሳስ ላይ የመኪናው 6.25 ስለሆነ ይህ ችግር የለም፤ የ30,000 ዶላር መኪና 1,875 ታክስ ይኖረዋል፤ ሙሉው ይያዛል።

ሐ. አሮጌ መኪና ለዲለሩ ሰጥተው ከዋጋው ላይ ካስቀነሱ ታክሱን ራስዎ አያስሉ። በውሉ ላይ የታተመውን ይውሰዱ፤ በዋሽንግተንም በቴክሳስም ታክሱ የሚታሰበው አሮጌው ከተቀነሰ በኋላ ባለው ዋጋ ላይ ነው።

መ. መኪናውን በብድር ቢገዙም፣ ታክሱም በብድሩ ውስጥ ቢገባም፣ የሚያዘው በገዙበት ዓመት ሙሉ በሙሉ ነው። በሊዝ ከሆነ ግን በዓመቱ በየወሩ የከፈሉትን ብቻ ይደምራሉ።

ሠ. ከግለሰብ ገዝተው ስም ሲያዛውሩ የከፈሉት የመኪና ታክስ ወይም «ዩዝ ታክስ» እንደ ሴልስ ታክስ ይቆጠራል። በኔቫዳ ግን ከግለሰብ የተገዛ መኪና ሴልስ ታክስ ስለማይከፈልበት የሚያስገቡት የለም።

በየዓመቱ ታርጋ ሲያሳድሱ የሚከፍሉት ሌላ ነገር ነው። በሲያትል አካባቢ በመኪናው ዋጋ ላይ ተመሥርቶ የሚጣለው የአርቲኤ (የአካባቢው የሕዝብ ትራንስፖርት) ታክስ፣ በኔቫዳም የገቨርንመንታል ሰርቪስ ታክስ፣ የሚገቡት በስኬጁል ኤ መስመር 5ሲ እንጂ ሴልስ ታክሱ በሚገባበት በ5ኤ አይደለም። ለሁሉም እኩል የሆነው የታርጋ ክፍያ ጭራሽ አይገባም።

ቤትን በተመለከተ፣ በዋሽንግተን ኮንትራክተር በሙሉ የሥራው ዋጋ ላይ ሴልስ ታክስ ያስከፍላል። ምድር ቤቱን ሙሉ በሙሉ አሠርተው ወይም ክፍል አስጨምረው 60,000 ዶላር ከከፈሉ ታክሱ ብቻውን ከ5,000 ሊያልፍ ይችላል፤ ኢንቮይሱ ታክሱን ለይቶ ማሳየቱን ያረጋግጡ። ቀለም መቀባትና ቧንቧ መቀየር ግን ጥገና ስለሆነ አይጨመርም። ያለቀ ቤት ሲገዙ በሰነዱ ላይ የሚያዩት የኤክሳይዝ ታክስ ሴልስ ታክስ አይደለም።

ደረጃ 8፦ ስኬጁል ኤ ላይ ያስገቡ

የደረጃ 6ንና 7ን ድምር በመስመር 5ኤ ይጻፉ፤ እዚያው ያለችውን ትንሽ ሣጥን ምልክት ያድርጉባት። ያቺ ሣጥን «የገቢ ግብር ሳይሆን ሴልስ ታክስ መርጫለሁ» ማለት ነች። ባዶ ከተዋት አይ አር ኤስ ቁጥሩን የገቢ ግብር አድርጎ ያየዋል፤ ደብሊው 2ዎ ላይ ደግሞ የስቴት ግብር የለም። ጥያቄ የሚያመጣው ይኸ አለመጣጣም ነው። በሶፍትዌር ከሞሉ ሣጥኗ በራሷ የምትሞላው የዚፕ ኮዱን ጥያቄ ሲመልሱ ነው፤ ገጹን «ዝለል» ብለው አይለፉት፤ በመጨረሻም ፒዲኤፉን ከፍተው ይዩ።

የፕሮፐርቲ ታክስ በ5ቢ፣ በዋጋ ላይ የተመሠረተው የመኪና ታክስ በ5ሲ ይገባል። የሦስቱ ድምር በ2025 ከ40,000 ዶላር ማለፍ አይችልም፤ ለየብቻ ለሚሞሉ ባለትዳሮች 20,000። ገቢው ከ500,000 (ለየብቻ ለሚሞሉ ባለትዳሮች ከ250,000) ያለፈ ሰው ጣሪያው እየወረደ ይሄድበታል፤ ከ10,000 (ለነሱ ከ5,000) በታች ግን አይወርድም። ከ2018 እስከ 2024 ጣሪያው 10,000፣ ለየብቻ ለሚሞሉ ባለትዳሮች 5,000 ነበር። «ፕሮፐርቲ ታክሴ ብቻውን ጣሪያውን ሞልቶታል» ተብሎ ሴልስ ታክሱ የተተወበት ቤት ሁሉ ለ2025 እንደገና ማስላት አለበት።

ሙሉ ምሳሌ እንይ። ሲያትል የሚኖሩ ባልና ሚስት ሁለት ልጅ አላቸው፤ በ2025 በ30,000 መኪና ገዝተዋል።

- ከሠንጠረዡ፦ 1,910
- የመኪናው፦ 3,105
- ፕሮፐርቲ ታክስ፦ 8,000
- የሞርጌጅ ወለድ፦ 18,500
- ስጦታ፦ 3,000
- ድምር፦ 34,515

ስታንዳርዱ 31,500 ስለሆነ 3,015 ዶላር በለጡ። በ12 ፐርሰንት 362፣ በ22 ፐርሰንት 663 ዶላር ያህል ግብር ይቀርላቸዋል። መኪናውን ባይገዙ ድምሩ 31,410 ሆኖ ከስታንዳርዱ በ90 ዶላር ያንስ ነበር፤ ያኔ ስኬጁል ኤ አያስፈልጋቸውም።

ተደጋግመው የሚታዩ ስሕተቶች

*የኡበር፣ የሊፍት፣ የታክሲና የትራክ ሹፌሮች።* ለሥራ የሚያገለግል መኪና ሴልስ ታክስ በስኬጁል ኤ አይገባም፤ የመኪናው ዋጋ አካል ሆኖ በሥራው በኩል ይታሰባል። መኪናው ግማሹ ለሥራ፣ ግማሹ ለቤት ከሆነ ወደ 5ኤ የሚሄደው የቤቱ ድርሻ ብቻ ነው። ይህን በማይል መዝገብዎ ይከፋፍሉት።

*የሱቅና የምግብ ቤት ባለቤቶች።* ከደንበኛ ሰብስበው ለስቴቱ ያስገቡት ሴልስ ታክስ የእርስዎ ወጪ አይደለም፤ የደንበኛው ነው። ለሬስቶራንቱ በገዙት ዕቃ ላይ የከፈሉት ደግሞ የንግዱ ወጪ እንጂ የግል ተቀናሽ አይደለም።

*የመኪና ብድር ወለድ።* ከ2025 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በተገጣጠመ አዲስ የግል መኪና ብድር ላይ የሚከፈል ወለድ እስከ 10,000 ዶላር የሚያስቀንስ ሌላ ሕግ አለ። እሱ ስታንዳርድ ዲዳክሽን ለሚወስዱም ይሠራል፤ የራሱ ፎርምና የገቢ ገደብ አለው። ከሴልስ ታክሱ ጋር አይደባለቅም፤ መስፈርቱን ካሟሉ ሁለቱንም ይጠይቁ።

*ውጭ አገር የተከፈለ ታክስ።* ለእረፍት ሄደው አዲስ አበባ የከፈሉት 15 ፐርሰንት ቫት፣ ወደ አገር ቤት በላኩት መኪና ላይ የተከፈለ ቀረጥ፣ የዱባይ ቫት፣ አንዱም አይገባም። የሚገባው የአሜሪካ ስቴትና የአካባቢ መንግሥት ታክስ ብቻ ነው።

*ታክስ የሚመስሉ ሌሎች ክፍያዎች።* የቤንዚን ታክስ፣ የሆቴል አዳር ታክስ፣ የስልክ ቢል ላይ ያሉ ክፍያዎች አጠቃላይ ሴልስ ታክስ ስላልሆኑ አይቆጠሩም።

*ወደ አገር ቤት የተላከ ስጦታ።* በደረጃ 1 ድምሩን ለማሳደግ ሲባል አንዳንድ ሰው በቀጥታ ለገጠር ቤተ ክርስቲያን ወይም ለታመመ ዘመድ የላከውን ገንዘብ ይጨምራል። ይህ አይያዝም። የሚያዘው አሜሪካ ውስጥ ለሚታወቅ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠው ነው፤ በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሰጡት ደግሞ ፋይል ከማድረግዎ በፊት የድርጅቱ ደብዳቤ በእጅዎ መኖር አለበት።

*ተመላሽ የተደረገ ዕቃ።* መኪናውን መልሰው ታክሱ በዚያው ዓመት ከተመለሰልዎ፣ ያንኑ ያህል ከተቀናሹ ላይ ያውጡ።

ካለፈ በኋላ ካስታወሱት

የማስያውን ውጤት፣ የመኪናውን ውልና የኮንትራክተሩን ኢንቮይስ ፋይል ካደረጉበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ሦስት ዓመት ያስቀምጡ። ቀደም ባለ ዓመት መኪና ገዝተው ሳያስይዙ ቀርተው ከሆነ ፎርም 1040-ኤክስ ሞልተው ማስተካከል ይችላሉ፤ ጊዜው ፋይል ካደረጉበት ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ ወይም ግብሩን ከከፈሉበት ሁለት ዓመት፣ ከሁለቱ የዘገየው ነው። የ2023ቱን በወቅቱ ያስገባ ሰው እስከ ሚያዝያ ወር 2027፣ በአሜሪካኑ አቆጣጠር ኤፕሪል 15 ድረስ ጊዜ አለው። ሲያሰሉ የዚያን ዓመት ቁጥር ይጠቀሙ፦ ለ2023 ባልና ሚስት አንድ ላይ ስታንዳርዱ 27,700፣ የታክሶቹ ጣሪያ 10,000 ነበር። አዲሱን ስኬጁል ኤ ከ1040-ኤክሱ ጋር ያያይዙና በማብራሪያው ቦታ ላይ ከስታንዳርድ ዲዳክሽን ወደ ስኬጁል ኤ መዛወርዎንና ሴልስ ታክስ መምረጥዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።